የገባችበት ዋጋ

ባየህ ገብረማርያም በዕድሜው ስንት በሬ እንደገዛና እንደሸጠ ቁጥሩን ራሱም አያውቀውም። ከቁሐር ሚካኤል ተነስቶ በሬ ሊገዛ ገበያ የሚወርድ ሰው ግን አስቀድሞ በእሱ ደጅ ማለፉ የታወቀ ነው። ጥርስ ሳይገልጥ ዕድሜ ይናገራል፤ እግር ሳያነሳ አንካሳውን ይለያል፤ «ይኸ በሬ ሦስተኛው ትልም ላይ ይተኛብሃል» ካለ በሬው ይተኛል። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ በሰባ ሁለት ዓመቱ «መኪና ገምቱ» ተብሎ ሦስት ቀን እንቅልፍ ያጣው።

መኪናዋም እኮ እንደ ሰው መኪና ብትሆን ምን ነበረበት! አይሱዙ ብትሆን ስንት ኩንታል ሩዝ እንደምትጭን ጠይቆ ይደርስባት ነበር። ባጃጅ ብትሆን ወረታ ሞልቶ የተረፈው ባጃጅ ነው። ይቺ ግን ሁለት ሰው ብቻ የምታስቀምጥ፣ ጣሪያዋ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው ቀይ የጣሊያን የስፖርት መኪና ናት። የፎገራን ጭቃ ያየ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ገዝቶ ወደዚህ ሜዳ አያመጣም። ሙህዲን ግን አመጣት።

ሙህዲን ወረታ ላይ የኑግና የጨው ነጋዴ ነበር። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ለንግድ አስመራ ሄዶ፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ጓዙን ከሚሸጥ አንድ ጣሊያን ገዛትና እየነዳ መጣ። ወረታ በሙሉ ሳቀበት። «ጨው የማትጭን መኪና ለነጋዴ ምን ትሠራለታለች?» እያለ ገበሬው ተሳለቀ። እሱም አብሮ እየሳቀ «እኔን ትጭናለች» ይል ነበር። በጋ በጋውን ከወረታ ባሕር ዳር ይመላለስባታል፤ ክረምት ሲገባ ሸራ አልብሶ ያስቀምጣታል።

በ1968 ዓ.ም. ጥር ወር የባየህ ሚስት ይርገዱ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ ያዛት። ሁለት ቀን ሆናት፤ ልጁ አልመጣም። ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ተሸከማትና ዋናው መንገድ ዳር አወጣት። መንገዱ ጭር ብሏል። አንድ የጭነት መኪና ብቻ መጣ፤ እሱም እጅ ቢነሳለት አልቆመም። ባየህ ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነው። ሚስቱ ዓይኗ ሲከዳት እያየ መንገዱ መሐል ተንበርክኮ ሳለ ቀይዋ መኪና ከአቧራው ውስጥ ብቅ አለች። ሙህዲን ወርዶ አንዴ አያት፤ ብዙ አልጠየቀም። የያዘውን ዕቃ መንገድ ዳር አራግፎ ይርገዱን ወንበሩ ላይ አጋደማት፤ ባየህን ከኋላ፣ ሻንጣ ከሚቀመጥበት ጠባብ ቦታ ጠቀጠቀውና ባሕር ዳር ሆስፒታል ድረስ በረረ። ሐኪሙ ሲወጣ «አንድ ሰዓት ብትዘገዩ ሁለቱንም አታገኟቸውም ነበር» አላቸው። የተወለደችው ልጅ ጽጌሬዳ ተባለች። ባየህ ከወር በኋላ ማርና ሙክት ይዞ ወረታ ቢሄድ፣ ሙህዲን ማሩን ቀምሶ ሙክቱን መለሰለት።

ሁለት ዓመት አለፈና ያ ክፉ ዘመን መጣ። የሙህዲን ሱቅ ታሸገ፤ ስሙም ከሚፈለጉት ሰዎች ዝርዝር ገባ። አንድ ማለዳ ጎህ ሲቀድ መኪናዋን ይዞ ቁሐር ሚካኤል ደረሰ። የሞተሯ ድምፅ መንደሩን እንዳይቀሰቅስ ባየህና አባቱ ሁለት በሬ ጠምደው ከመንገዱ ዳር እስከ ጓሯቸው ጎተቷት። በፎገራ ምድር በበሬ የተጎተተች የስፖርት መኪና ያቺ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ሙህዲን ለባየህ አንድ መፍቻ ሰጠው፤ ሞተሩ ላይ የቱ ጋ እንደሚያስገባውም አሳየው። «በየወሩ አንድ አንድ ጊዜ አዙራት፣ ሞተሯ ዝጎ እንዳይነክስ» አለው። በእግሩ ሱዳን ሊሻገር ቆርጦ እንኳ ቀልዱ አልተወውም። «በል ባየህ፣ በርቢ ሰጥቼሃለሁ። ከወለደች እኩል ነን» ብሎ ሳቀ።

ርቢ በዚህ አገር የቀልድ ነገር አይደለም። ላም ያለው ሰው ሣር ላለው ሰው ላሙን ይሰጣል። ስትገባ የምታወጣው ዋጋ በሰው ፊት ይነገራል። ወተቱ የጠባቂው ነው። ርቢው የሚፈርስ ዕለት ላሟ እንደገና ትገመታለች፤ የገባችበት ዋጋ ለባለቤቱ ይነሳለትና ከዚያ በላይ የተገኘው ትርፍ ለሁለት ይካፈላል። መኪና ግን አትወልድ፣ አትታለብ። በዚያ ማለዳም ስለ ዋጋ ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም። ሦስቱ ሰዎች ቆመው የሳቁትም ለዚህ ነው፤ ከሦስቱ ዛሬ በሕይወት ያለው ባየህ ብቻ ነው።

ባየህም አርባ ስድስት ዓመት ጠበቃት። ሜዳው በየክረምቱ ውኃ ስለሚተኛበት ድንጋይ ደርድሮ ከፍ አደረጋት፤ ከላይ ዳስ ጣለላት፤ ሩዝ ወደ አገሩ ከገባ ወዲህ ደግሞ እርጥበት እንዳይበላት ዙሪያዋን በሩዝ ገለፈት ሞላው። የወንበሮቿን ቆዳ በዓመት ሁለት ጊዜ ለጋ ቅቤ ይቀባዋል። ይርገዱ «ለእኔ ራስ የጠፋ ቅቤ!» እያለች ስትነዘንዘው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። በየወሩ በአሥራ ሁለት ከሚካኤል ሲመለስ መፍቻውን ከግድግዳው አውርዶ ሞተሯን አንድ ዙር ያዞራል። ጽጌሬዳ ፊደል የቆጠረችው እዚያች መኪና ውስጥ ተቀምጣ ነው። ዶሮዎቹም ከወንበሮቿ ኋላ እንቁላል መጣል ልማዳቸው ነበር። እንግዲህ ወተት ከተባለ ወተቱ ይኸው ነው።

ዘንድሮ ጥር መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት ከወረታ በባጃጅ መጣች። ሻሿን አስተካክላ ከበሩ ላይ ቆመችና «የአቶ ባየህ ቤት ነው?» አለች። ሱዳን፣ ገዳሪፍ የተወለደችው የሙህዲን ልጅ ራህመት ናት። አባቷ እዚያው ማረፉን ስትነግራቸው ባየህ ወንድሙን የተረዳ ያህል አለቀሰ። ሲረጋጋ በላስቲክ የተጠቀለለውን የመኪናዋን ሊብሬ አሳየችው።

«አያ ባየህ፣ አባቴ አደራ ያለኝ ሁለት ነገር ነው» አለች። «አንደኛ፣ ባየህ የቆረጠውን ዋጋ ተቀበይ አለኝ። ሁለተኛ፣ በርቢ ነው የሰጠሁት፣ ትርፉን እኩል ተካፈሉ አለኝ።»

«ኧረ ያስ ቀልድ ነው ልጄ! ዋጋዋም ሳይነገር ነው የገባች። መኪና በርቢ አይቶ የሚያውቅ ማን አለ?»

«አባቴ ሲሞት አልቀለደም» አለች ራህመት። አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው በስልክ አፈላልጋ አግኝታለች። እዮብ ይባላል፤ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ዋጋውን የሚናገረው ግን ባየህ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ዝቅ ቢያደርግ የሙህዲንን ልጅ በገዛ አፉ አስዘረፋት ማለት ነው። ቢሰቅለው ገዢው ይሄዳል፤ በፎገራ ሜዳ ላይ ደግሞ ሌላ ገዢ የለም። ያን ሁሉ ዘመን በእጁ ያላጠፋውን አደራ በመጨረሻዋ ቀን በአንድ ቃል ሊያጠፋው ነው። ወረታ ወርዶ ቢጠይቅ ብረት ሰብሳቢው «በኪሎ ከሆነ ሠላሳ ሺህ» አለው፤ ሻይ ቤት ያገኘው ደላላ ደግሞ ዓይኑን ሳያሽ «ከሦስት ሚሊዮን እንዳትወርድ» አለው። ባየህ ከሁለቱ መሐል ያለው አገር ስንት እንደሆነ እያሰላሰለ ቤቱ ገባ።

ገበያ የሚወጣ በሬ ይታጠባል፤ ይቺም ታጠበች። አንድ ነገር ግን ሆዱን በላው። ከዓመታት በፊት አንድ ወይፈን ቀኝ በሯን በቀንዱ ወግቶ አጎድጉዶባታል። ቀይ ቀለሙም እዚያ ላይ ተሰነጣጥቋል። የሙህዲን ልጅ ይህን አይታ ምን ትላለች? ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ያላት ጽጌሬዳ የአባቷን ጭንቀት ስታይ ባጃጅ የሚቀባ ሠራተኛ አመጣችለት። ሰውዬው ጉድጓዱን በስቱኮ ደፈነ፤ በሩን ከላይ እስከ ታች ቀይ ቀባ። ባየህ ራቅ ብሎ አየና የልብ ልብ ተሰማው። ይርገዱ እንኳ «አሁን ገና ሙሽራ መሰለች» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት እዮብ መጣ። መነጽር ያደረገ፣ ትሁት፣ አርባ ዓመት ገደማ የሆነው ሰው ነው። እንደ ደላላ መጮህ የለ፣ ማጣጣል የለ። የሥራ ቱታውን ለበሰና በዝምታ ዞራት። ራህመት፣ ጽጌሬዳና ይርገዱ ከዳሱ ጥግ ቆመዋል። ባየህ መኪናዋን ትቶ የሰውዬውን እጅ ያይ ጀመር። በሬ ገዢ አፉ ቢዋሽ እጁ አይዋሽም፤ የወደደው ቦታ ላይ ደጋግሞ ይመለሳል። የእዮብ እጅ መሪው ላይ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ቀኝ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ከኪሱ ማግኔት አውጥቶ ቢያስጠጋው፣ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነውና አልያዘም።

«ይህን በር ማን ቀባው?»

«እኔ ነኝ» አለ ባየህ አፉን ሞልቶ። «ትናንት ወዲያ ነው። አላማረም?»

እዮብ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገ። «አባባ፣ እንዲህ ያለ መኪና የሚወደደው ከፋብሪካ በወጣበት ቀለም ሲገኝ ነው። ተሰንጥቆም ቢሆን፣ ተጎድጉዶም ቢሆን ያው የራሱ ቀለም ይሻላል። አዲስ ቀለም ሲነካው ዋጋው ይወርዳል።»

ባየህ ቅስሙ ተሰበረ። አርባ ስድስት ዓመት ጠብቆ በሁለት ቀን አበላሻት! ጽጌሬዳ አንገቷን ደፋች። ራህመት ግን ቀረብ ብላ ክንዱን ያዘችው። «እኔን አፍረው ነው የቀቡት» አለች። «ወላሂ፣ ለዚህ እፍረትዎ ብቻ አመሰግንዎታለሁ።»

እዮብ ወንበሮቹን ዳሰሰ። ጫን አደረጋቸው፤ አሸተታቸው። «ይህ ቆዳ በዚህ ዕድሜው መሰነጣጠቅ ነበረበት። ምን አደረጋችሁት?»

«የእኔን ቅቤ» አለች ይርገዱ፣ ሳይጠይቃት።

ሁሉም ሳቁ። እዮብም እየሳቀ ከግራ መሪው ማዶ ባለው ወንበር ላይ የረጋ ጥቁር እድፍ አየ። «ይህስ የምን ይሆን? ዘይት መስሎኝ ነበር፤ አይመስልም» አለ። ይርገዱ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ «የእኔ ደም ነው ልጄ» አለችው። «እሷን ልወልድ ሆስፒታል ስሄድ ነው። አጥቤ አጥቤ አልለቅ አለ።» በእጇ ያመለከተችው ጽጌሬዳን ነበር። እዮብ እጁን ቀስ ብሎ ከወንበሩ አነሳ።

ኮፈኗን ከፍቶ ሞተሩን እያየ «ይህን ያህል ዘመን የቆመ ሞተር ነክሷል፤ ያን አስቤ ነው የመጣሁት» አለ። ባየህ ሄዶ እጀታው በመዳፍ ብዛት የለሰለሰውን መፍቻ ከግድግዳው አወረደ። አስገባው፤ ተጫነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ተንፍሶ ዞረ። እዮብ መፍቻውን ተቀብሎ ራሱ ሞከረ፤ አሁንም ዞረ። መነጽሩን አውልቆ በቱታው ጠረገ።

«በስንት ጊዜው ነው የምታዞሩት?»

«በየወሩ በሚካኤል።»

«አንድም ወር ሳይዘል?»

«አይዘልም» አለች ይርገዱ። «እሱ ወባ የጣለው ጊዜ እኔ አዙሬያለሁ።» ባየህ ዞሮ አያት። ይህን እስከ ዛሬ አልነገረችውም ነበር። በቅቤው እየተነጫነጨች ያን አደራ ከእሱ እኩል ስትሸከም መኖሯን ያወቀው ገና አሁን ነው፤ እንባው መጣበትና ፊቱን ወደ ሞተሩ መለሰ።

ዋጋ የመቁረጡ ሰዓት ደረሰ። ባየህ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እዮብን ከፊቱ አስቀመጠው።

«ስማኝ ልጄ፣ እኔ የማውቅ በሬ ነው» አለ። «በሬ ስሸጥ ነውሩን በአፌ ተናግሬ ነው። አንተ ደግሞ የምታውቀው መኪና ነው። የምታውቀውን በአፍህ ንገረኝና ዋጋውን እኔ እቆርጣለሁ። በሯን ባላስቀባት ኖሮ ስንት ታወጣ ነበር?»

እዮብ መንገድ ላይ ሲመጣ በስድስት መቶ ሺህ ሊጀምር አስቦ እንደነበር ለጽጌሬዳ የነገራት በኋላ ነው። አሁን ግን መፍቻው ገና እጁ ላይ ነው።

«አንድ ሚሊዮን ከሁለት መቶ ሺህ» አለ።

«በሩ ስንት ይወስድባታል?»

«መቶ ሺህ።»

«እንግዲያው ገና ያላየኸው አለ።» ባየህ ተነሳና ከግራ ወንበሩ ሥር ያለውን ምንጣፍ ገለጠ። «በ98ቱ ጎርፍ ውኃው ከድንጋዩ በላይ ወጥቶ ነበር። ወለሏን ከሥር በልቷታል። ግባና እይ።»

ጽጌሬዳ «አባዬ!» አለች፤ ወዲያው ግን አፏን ያዘች። እዮብ በጀርባው ተንሸራቶ ከሥር ገባ፤ መብራት አበራ፤ በመፍቻው ቆረቆረ። ሲወጣ ፀጉሩ ገለፈት ለብሷል።

«ቢያምኑኝም ባያምኑኝም ይህን አላየሁትም ነበር» አለ። «ወለሉ ይቀየራል። ሌላ መቶ ሺህ ነው።»

«በቃ» አለ ባየህ። «ዋጋዋ አንድ ሚሊዮን ነው። ከዚህ ባወርድ ይቺን ልጅ በደልሁ፤ ከዚህ ብሰቅል አንተን ዋሸሁ።»

እዮብ ራህመትን አየ፤ ራህመት በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። እሱም ተነስቶ ሁለት እጁን ለባየህ ዘረጋ። «መኪና ስገዛ ሃያ ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ተገምቶልኝ አያውቅም» አለ። ባየህ ለሦስት ቀን ደረቱ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ሲወርድለት ተሰማው። ፈጣሪውን በልቡ አመሰገነ።

ራህመት ግን አልጨረሰችም። «እንግዲህ ርቢው» አለች። «አያ ባየህ፣ ሥርዓቱን ከአባቴ ሰምቼዋለሁ። የገባችበት ዋጋ ይነሳና የተረፈው እኩል ነው። አባቴ ስንት እንደገዛት ሊብሬው ላይ የለም። በዚያ ማለዳ ከነበሩት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። የገባችበትን ዋጋ ይንገሩኝ፤ ቃልዎን እቀበላለሁ።»

ባየህ ወደ መኪናዋ ዞረ። ዓይኑ በአዲሱ በር አልፎ ወንበሩ ላይ፣ ጥቁሩ እድፍ ላይ ቆየ። ከዚያ ይርገዱንና ጽጌሬዳን ጎን ለጎን ቆመው አያቸው። አንዷ በእርጅና ጎብጣለች፤ ሌላዋ የአራት ልጆች እናት ናት፤ ገለፈት ፀጉሯ ላይ አርፎ አላራገፈችውም።

«ዋጋዋ ሳይነገር ነው የገባች ያልሁሽ ውሸት ነው» አለ። «ይችን መኪና ስረከብ ስንት እንደምታወጣ አሳምሬ አውቅ ነበር። የገባችበት ዋጋ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።» በዘረጋው እጁ ሚስቱንና ልጁን አሳያት። «ከእነሱ በላይ ያወጣች እንደሆነ ትርፉን አምጭና እንካፈል።»

ራህመት ቀስ ብላ እሱ አጠገብ ተንበረከከች። ባየህ እንዳትስመው ጉልበቱን ሰብስቦ ትከሻዋን ይዞ አነሳት።

«እንዲያውም ስትወጣ ረክሳ ነው የወጣች» አላት እንባውና ሳቁ ተቀላቅሎበት። «ጠባቂው እኔ ነኝ። ጉድለቱን ትምሪኛለሽ።»

ራህመትም እያለቀሰች ሳቀች። ይርገዱ መጥታ አቀፈቻት፤ «ያባትሽን ነፍስ በገነት ያኑርልኝ» እያለች ደጋግማ ሳመቻት። እዮብ ፊቱን ወደ ሩዝ ማሳው አዙሮ ቆሞ ነበር።

የጭነት መኪናው ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ መሬቱ ስለሚሰምጥ ወደ ውስጥ መግባት አልደፈረም። ስፖርቷ በራሷ አትሄድ ነገር፣ ነዳጅ ከቀመሰች አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ባየህ ሁለቱን በሬዎቹን አምጥቶ ጠመደ። ገመዱን ከፊት ብረቷ ላይ ራሱ አሰረ፤ ሁለት ጊዜ ስቦ አየው። ጽጌሬዳ መሪው ላይ ተቀመጠች። ይርገዱም ማንም ሳያዛት በሩን ከፍታ ያው ወንበሯ ላይ ገባች። እዮብ ቀለሙ ገና እንዳልደረቀ ሊያስጠነቅቅ እጁን አንስቶ ነበር፤ መልሶ አወረደው።

ባየህ ጅራፉን ሳያጮህ በሬዎቹን በስማቸው ጠራቸው። ቀይዋ መኪና ከድንጋዩ ወርዳ፣ የሩዝ ገለፈት እያራገፈች፣ በታጨደው ማሳ መሐል ቀስ ብላ ወደ መንገዱ ትሄድ ጀመር። ራህመት ከባየህ ጎን ተራመደች። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ የበሬዎቹን ገመድ እንዲያስይዛት ለመነችው፤ እሱም አስያዛትና አብረው ጎተቱ።